የውሻ ድርሻ

በአገራችን በሬ ሲታረድ እያንዳንዱ ብልት ባለቤት አለው። ሻኛው ለማን፣ ሽንጡ ለማን፣ ፍርምባው ለማን እንደሚገባ ብልት አዋቂው ሳይጠየቅ ያውቃል። በቀድሞው የነገሥታትና የመኳንንት ግብር ሥጋ የሚታደለው በማዕረግ ነበር፤ አንድ ብልት ከቦታው ውጭ ቢሄድ እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። በቅርጫም ቢሆን መደቡ ሲደለደል ከጉበቱም ከጨጓራውም ከጎድኑም ለሁሉም እንዲደርስ ተደርጎ ነው፤ ዕጣ ይጣላል፤ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚህ ሥርዓት ውጭ የቆመ አንድ ባለድርሻ ግን አለ። ከአጥሩ ሥር ተጋድሞ፣ ምራቁን እየዋጠ፣ ዓይኑን ከቢላዋው ሳይነቅል ይጠብቃል። ድርሻው በማዕረግ አይለካም፤ በዕጣም አይወጣም። ሰው ያልፈለገው ሁሉ የእሱ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ስለዚያ ድርሻ ነው። ውሻን ጥሬ ሥጋ መመገብ ይበጃል ወይስ ይጎዳል የሚለው ጥያቄ በሌላው ዓለም ትልቅ ክርክር ከሆነ ዋል አደር ብሏል። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ክርክር ሳይሆን ታሪክ ነው። ታሪኩም ከውሻው ይልቅ ስለ ሰው ብዙ ይናገራል።

ክርክሩ እንዴት እንደ ተነሣ በአጭሩ እንመልከት። ጄምስ ስፕራት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ለንደን ውስጥ ከስንዴ ዱቄት፣ ከአትክልትና ከሥጋ ተዋጽኦ የተጋገረ የውሻ ብስኩት ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በፊት የአውሮፓም ውሻ እንደኛው ውሻ ከማዕድ የተረፈውን፣ ከቄራ የተጣለውን ይበላ ነበር። ብስኩቱ ተወደደ፤ በኋላም በቆርቆሮ የታሸገውና በከረጢት የሚሸጠው ደረቅ ምግብ ተከተለው፤ በመቶ ዓመት ጊዜ ውስጥ የሀብታም አገር ውሻ ከፋብሪካ የሚበላ እንስሳ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን ቢሊንግኸርስት የተባለ አውስትራሊያዊ የእንስሳት ሐኪም ለውሻ አጥንት ስጡ የሚል መጽሐፍ አውጥቶ ይህን ልማድ ተቃወመ። ውሻ የተኩላ ዘር ነውና ጥሬ ሥጋ፣ ሥጋ ያለው ጥሬ አጥንት፣ ጥቂት ሆድ ዕቃና ጥቂት አትክልት ይበቃዋል አለ። ብዙዎች ተከተሉት፤ ብዙ ሐኪሞች ደግሞ ጥሬ ሥጋ የሚያመጣውን ተሕዋስ እየጠቀሱ ተቃወሙት።

በዚህ ክርክር ውስጥ «ሚዛናዊ» የምትለው ቃል ትልቅ ቦታ አላት፤ በከንቱም አይደለም። ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ ይበዛበታል፤ ካልሲየም ግን እጅግ ያንሰዋል። አጥንት በሌለበት በሥጋ ብቻ ያደገ ቡችላ እግሩ ይጎብጣል፤ አጥንቱም በትንሽ ምክንያት ይሰበራል። ጉበት በመጠኑ ሲሰጥ በረከት ነው፤ ዕለት ዕለት በብዛት ሲሰጥ ግን በውስጡ ያለው የቫይታሚን ኤ ክምችት መርዝ ይሆናል። እንግዲህ ጥሬ ምግብ የሚሉት ሥጋ ወርውሮ መሄድን አይደለም፤ መጠንና ድልድል ያለው ነገር ነው። በአነጋገራችን፣ ለውሻም ብልት አዋቂ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ውሻ እንመለስ። ያበሻ ውሻ በምን አደገ? ሥጋ በል ነው ቢባልም የኖረው በእንጀራ ፍርፋሪ፣ በሽሮ እጣቢ፣ በቂጣና በአጥንት ነው። ይህ በራሱ ግፍ እንዳልሆነ ሳይንሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዘረ መል ጥናት ውሻ ከተኩላ በተለየ ስታርችን ለመፍጨት የሚያገለግለው ዘረ መል በብዙ ቅጂ እንዳለው አሳይቷል። ውሻ ከሰው ደጃፍ ከተጠጋ ጀምሮ ከእህሉ እየተካፈለ ሰውነቱ ለእህል ተመቻችቷል። ስለዚህ የጎረቤታችሁ ውሻ እንጀራ በመብላቱ ተፈጥሮውን ከዳ የሚላችሁ ቢኖር፣ በብዙ ሺህ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ሙግት ነው በሉት።

የውሻችን ምግብ ሌላም ባሕርይ ነበረው፤ ይጾማል። በሑዳዴ 55 ቀን ከክርስቲያን ቤት ሥጋ አይወጣም፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ የጓሮ ዕርድ ይቆማል። ጌታው ሽሮ ሲበላ ውሻውም የሽሮውን እጣቢ ይልሳል። ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በጅብ ላይ ተጠንቷል። በትግራይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የጅቦችን ኩስ ከሑዳዴ በፊት፣ በሑዳዴና ከፋሲካ በኋላ እየሰበሰበ በውስጡ የተገኘውን ጠጉር መረመረ። ከጾሙ በፊት የአህያ ጠጉር ድርሻ 15 በመቶ ያህል ነበር፤ በጾሙ ወራት ወደ 33 በመቶ ወጣ፤ ፋሲካ ሲውል ተመልሶ ወደ 22 በመቶ ወረደ። የሰው ቢላዋ ሲያርፍ ጅቡ በራሱ ጥርስ ያርዳል ማለት ነው። ውሻው ግን ከሰው ጋር ኪዳን ስላለው ይጾማል፤ ፋሲካንም ይጠብቃል። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው ተረት የሚያወድሰው ይህንኑ ታማኝነት ነው።

ፋሲካ ሲመጣስ ምን ይደርሰዋል? ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በሬው ወይም በጉ ሲገፈፍ የሰው እጅ የሚተወው ቆዳ፣ ፈርስና ቀንድ ብቻ አይደለም። ሳንባ በብዙ ቤት አይበላም፤ ለውሻ ይጣላል። ጉበቱ ላይ እንከን ከታየ «ይህስ አይሆንም» ተብሎ ተቆርጦ ይጣላል። በክት ሆኖ የተገኘም ከብት ሰው አይነካውም፤ ይጎተትና ለውሻ፣ ለጅብና ለአሞራ ይተዋል። አውሬ የሰበረውን ሥጋ ሰው እንዳይበላ፣ ለውሻ እንዲጣል ኦሪት ዘጸአትም ያዝዛል። በዚህ አኳኋን ውሻችን ከማንም ቀድሞ ጥሬ ሥጋ የበላ ነው። ይሁን እንጂ የበላው ሰው መርጦ ያስቀመጠለትን ሳይሆን ሰው ተጸይፎ የጣለውን ነው። የታመመው የአካል ክፍል እየተመረጠ ለእሱ ደረሰ።

በዚያ በተጣለ ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንድ ጊዜ ውኃ ያዘለ ነጭ ከረጢት ይታያል። ከአተር ያነሰ አለ፤ ከብርቱካን የበለጠም አለ። አራጁ ያውቀዋል፤ ስሙን ግን አይጠይቅም፤ ቆርጦ ይወረውረዋል። ይህ ከረጢት የአንድ ትል ሕፃናት ማደሪያ ነው። ውሻው ሲበላው ሕፃናቱ በአንጀቱ ውስጥ ያድጉና ትሎች ይሆናሉ። ትሉ ከኮሶ ትል ጋር የአንድ ወገን ሲሆን ርዝመቱ ግን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ውሻው በሺህ ቢሸከመውም ሕመም አያሳይም። እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ይወጣል፤ በሣር ላይ፣ በውኃ ውስጥ፣ በውሻው ጠጉር ላይ ይቀመጣል። በጉ ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል፤ ሕፃኑ ውሻውን ዳብሶ እጁን ወደ አፉ ሲወስድም ይውጠዋል። ከዚያ በበጉም በሕፃኑም ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ማደግ ይጀምራል። በሰው ላይ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል፤ የታወቀ ዕለት መፍትሔው ብዙ ጊዜ የቀዶ ሕክምና ቢላዋ ነው። እንግዲህ ያ የተጣለ ሳንባ ዞሮ ዞሮ ወደ ቤት ተመለሰ ማለት ነው።

ይህን ክብ የገለጠው ሙከራ ራሱ ውሻን ጥሬ መመገብ ነበር። ካርል ፎን ዚቦልድ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከከብት የወጣውን ከረጢት ለውሾች አበላና ቆይቶ አንጀታቸውን ሲከፍት ትሎቹን አገኘ። ከዚያ በፊት ከረጢቱና ትሉ ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት ይመስሉ ነበር።

እውቀቱን በሥራ ላይ በማዋል ከቀደሙት አንዷ አይስላንድ ናት። ሃራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1863 ወደዚያች የበግ አገር ሄዶ ከመረመራቸው 100 ውሾች በ28ቱ ውስጥ ትሉን አገኘ። በተከታዩ ዓመት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ተዘጋጅታ በየቤቱ በነጻ ታደለች። ምክሯ ቀላል ነበር፤ ከረጢት ያለበትን ሆድ ዕቃ ለውሻ አትስጡ፤ አቃጥሉ ወይም ቅበሩ፤ ከውሻ ጋር መሳምን ተዉ፤ ለውሻውም የትል መድኃኒት ስጡ። አይስላንዳውያን አነበቡ፤ ለመኑት ሳይሆን ተማሩት። ሕግም ተከተለ፤ ዕርዱም ከጓሮ ወደ ቄራ እየተዛወረ ሄደ፤ በሽታው ከደሴቲቱ ጠፋ። ኒውዚላንድም እ.ኤ.አ. በ1959 ሕግ አውጥታ ጥሬ የበግ ሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠትን ከለከለች፤ በኋላም ውሾቿን በየ6 ሳምንቱ መድኃኒት ታጠጣ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2002 ከበሽታው ነጻ መሆኗን በጊዜያዊነት አወጀች።

በየ6 ሳምንቱ የምትለውን ልብ በሉልኝ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ የሚያውቀው ነገር ሊታወሰው ይገባል፤ ኮሶ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ጥሬ ሥጋ ይበላሉ፤ ጥሬ ሥጋ ደግሞ የኮሶ ትል ያመጣል። ይህን ያወቁት ከማንም ሳይማሩ ነው፤ መድኃኒቱንም ያገኙት በደጋቸው ከበቀለው ዛፍ አበባ ነው። ወደ አገራችን የመጡ መንገደኞች እየደጋገሙ እንደ ጻፉት፣ ሰው በየ2 ወሩ ያህል ኮሶ ይጠጣ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ከነመድኃኒትነቱ ለአውሮፓ አስተዋወቀ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። በአገራችን የኮሶ ቀን የተከበረ ቀን ነበር፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ጌታም አይጠራም፤ እንግዳም አይገባም። ምሬቱ ምሳሌ እስኪሆን ድረስ የመረረ መድኃኒት ነበር፤ ሆኖም ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ያለ ኮሶ እንደማይኖር ሕፃንም ያውቅ ነበር። ጥሬውና መራራው በአንድ ሥርዓት የታሰሩ ነበሩ።

የጽሑፌ ዋና ነገር ይህ ነው። እኛ ጥሬ ሥጋን ከነሥርዓቱ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ከየትኛው ብልት እንደሚቆረጥ፣ በምን ሚጥሚጣና አዋዜ እንደሚበላ፣ ከበሉ በኋላ በስንት ጊዜ ኮሶ እንደሚጠጣ ወስነን ኖረናል። ለውሻው ግን ጥሬውን ሰጠነው፤ ሥርዓቱን አልሰጠነውም። ብልት አልመረጥንለትም፤ ኮሶም አላጠጣነውም። ኒውዚላንድ ለውሻዋ ያደረገችው እኛ ለራሳችን ከጥንት ጀምረን እናደርገው ከነበረው የተለየ አልነበረም፤ ልዩነቱ ውሻውን ከሥርዓቱ ማስገባቷ ብቻ ነው። እኛ ያላስገባነው ዋጋ ግን በእንስሳም በሰውም ላይ ይታያል። በአገራችን ቄራዎች በሚደረግ ምርመራ ብዙ ሳንባና ጉበት በዚህ ከረጢት ምክንያት ይወገዳል፤ በደቡብ ኦሞ በኛንጋቶም፣ በዳሰነችና በሐመር አርብቶ አደሮች ዘንድም በሽታው በሰው ላይ በብዛት ተመዝግቧል፤ የድንበር ጎረቤታቸው የኬንያው ቱርካና በዓለም ላይ በሽታው ከሚጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኖ ይታወቃል።

ይህን ሁሉ በአንድ ስፍራ ለማየት የሚሻ ሰው አቃቂ ቃሊቲን ይመልከት። አዲስ አበባ ቁልቁል የምትፈስስባት ደቡባዊት ዳርቻ ናት። ትንሹ አቃቂ በከተማው መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በተቋቋመው ቄራ አካባቢ አልፎ ይወርዳል፤ ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል ይመጣል፤ ሁለቱም ወደ አባ ሳሙኤል ይገባሉ። ከተማው የጠላውን ሁሉ ወንዙ ያወርደዋል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ አቃቂ የባቡር ጣቢያ፣ በኋላም የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ሰፈር ሆነች። ፋብሪካ አጥር አለው፤ አጥር ዘበኛ አለው፤ ዘበኛም ውሻ አለው። የከብት ገበያውም እዚያው ነው፤ በበዓል ዋዜማ በሬው ከገበያው ይነዳል፤ በማግሥቱ በየግቢው ይታረዳል። የሥጋ ምርመራ አዋጅ እ.ኤ.አ. በ1970 ወጥቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ የጓሮ ዕርድ ላይ የሥጋ ሐኪም አይቆምም። የሚቆመው ውሻው ነው።

በዚያችው ቃሊቲ እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ለየት ያለ ተቋም ተመርቆ ነበር። የቆላ ዝንብን ለማጥፋት ወንዶቹን ዝንቦች በጨረር አምክኖ ለመልቀቅ የታሰበበት ማራቢያ ነው። ዝንቡ ደም እንጂ ሌላ አይበላም፤ ስለዚህ የከብት ደም በስስ ሽፋን ሥር እየቀረበ ይመገብ ነበር። በዚህ ዓይነቱ ማራቢያ ደሙ ከመቅረቡ በፊት ከተሕዋስ የጸዳ መሆኑ ይረጋገጣል፤ አለዚያ መንጋው ያልቃል። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ለዝንብ የሚቀርብ ደም ይመረመራል፤ ከልጆቻችን ጋር በአንድ ግቢ ለሚያድር ውሻ የሚወረወር ሳንባ ግን አይታይም። ለዝንቡ የተጠነቀቅነው ዝንቡ እንዲጠቅመን ስለፈለግን ነው። ውሻውስ ከዝንብ ያነሰ ጠቀመን?

ከተማው ለውሻ ሥጋ መርጦ የሰጠበት ጊዜ የለም እንዳይባል አንድ አለ፤ እሱም የሚያሳፍር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በተፈራ ቁጥር ባለቤት የለሽ ውሾች በመርዝ የተለወሰ ሥጋ በየመንገዱ ይጣልላቸው ነበር። ለውሻ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ታስቦበት የተመጠነ ጥሬ ሥጋ ቢኖር ያ ነበር።

ዛሬ በአዲስ አበባ ውሻን በፍቅር የሚያሳድጉ ወጣቶች በዝተዋል፤ ስለ ጥሬና ስለ በሰለ፣ ስለ አጥንትና ስለ ጉበት መጠን ይጠያየቃሉ። ደግ ነገር ነው። ለእነሱም ለሌላውም የሚሆነው ምክር ከአይስላንዷ ትንሽ መጽሐፍ ብዙም አይርቅም። የተመረመረ ቀይ ሥጋና ጥሬ አጥንት በመጠኑ ለሚሰጥ ሰው ሚዛኑን ይጠብቅ፤ የበሰለ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋልና አይስጥ። ሳንባና ጉበት ግን በጥሬው አይሰጥ፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፍላ። ከዚያ በኋላ ለእንጀራ ፍርፋሪው ማጣፈጫ ቢሆን ውሻው አይጠላውም። የትል መድኃኒቱም በእንስሳት ሐኪም ምክር በየጊዜው ይሰጥ፤ ይህ የውሻው ኮሶ ነው፤ ከእኛም ኮሶ ይልቅ አይመርም። ልጆችም ከውሻ ጋር ተጫውተው ወደ ማዕድ ሲቀርቡ እጃቸውን ይታጠቡ።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ድስት ውኃና አንድ ጉድጓድ ይበቃል። የሚጠይቀው ብልት አዋቂው መደቡን ሲደለድል ከአጥሩ ሥር የተጋደመውንም እንዲቆጥር ነው። ለሰው የሚሆነው ለሰው ይሁን፤ ለውሻ የሚሆነውም ተቀቅሎ ለውሻ ይሁን። ቢላዋው ሳንባውን ከፍቶ ያን ነጭ ከረጢት ሲያገኝ ግን ድርሻው የሰውም የውሻም አይደለም፤ የእሳት ነው።